በፈቃድ የተጣለ ዕቁብና በትእዛዝ የተሠራ እርከን

ከመርካቶ የሥራ ልማድ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች የሚሆን ትምህርት

ከጎጃም የተጫነ ጤፍ፣ ከአርሲ የመጣ ስንዴ፣ ከሸዋ ደጋ የተሰበሰበ ባቄላና አተር በመርካቶ እህል በረንዳ ሲራገፍ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የደከመበት ምርት በኩንታል ተቋጥሮ ከአውራጁ ትከሻ ወደ ነጋዴው መጋዘን፣ ከመጋዘኑም ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ቸርቻሪ ሲያልፍ ኖሯል። ከዚህም የተነሣ መርካቶ በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ በአብዛኛው የሚታወቀው የእህል ዋጋ ከፍና ዝቅ የሚልበት ስፍራ በመሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ገበሬው ከመርካቶ ሊማረው የሚችለው የዋጋን ነገር ብቻ አይደለም። እህሉ ከሚራገፍበት በረንዳ ጥቂት ፈንጠር ብሎ፣ በየሱቁና በየተራው፣ ሰዎች ቀጭም ሆነ ዘበኛ ሳያስገድዳቸው በየሳምንቱ ገንዘባቸውን እያመጡ የሚጥሉበት ዕቁብ አለ። ሳምንት ጠብቆ፣ ዓመት ዘልቆ ይሄዳል። በሌላ በኩል በገጠሩ የአገራችን ክፍል በትእዛዝና በዘመቻ የተጀመሩ ብዙ ሥራዎች አዛዡ ዞር ሲል ወዲያው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹም ፈርሰዋል።

ታዲያ አንዱ ሥራ ያለ አስገዳጅ የሚጸናው፣ ሌላው ደግሞ አስገዳጅ እያለው የማይጸናው በምን ምክንያት ነው? ይህ ጥያቄ ለእርከን ሥራ፣ ለመንገድ ጥገና፣ ለትምህርት ቤት መዋጮ አባላቱን ለሚጠራ የገበሬ ማኅበር መሪ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው።

ከገጠር የተሠራ ገበያ

መርካቶ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ትልቁ ገበያ ይውል የነበረው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነበር። ወራሪው መንግሥት አራዳን ለነጮች ለማድረግ ሲል የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። አዲስ ከተማ የሚለው ስምና መርካቶ የሚለው የጣሊያን ቃል ያን ጊዜ ያስታውሳሉ።

እንግዲህ ገበያው በቦታው የተተከለው በትእዛዝ ነው። ዛሬ የሚታወቀውን መርካቶን የሠሩት ግን ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከጉራጌ፣ ከጋሞ፣ ከስልጤ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋና ከሌላውም አገር የመጣው ወጣት በሊስትሮነት፣ በተሸካሚነት፣ በሽመና፣ በጉልት ችርቻሮ ጀመረ። ምናለሽ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሲዳሞ ተራ፣ ጎጃም በረንዳ የተባሉት ስሞች ማን ከየት እንደመጣና ምን እንደሠራ የሚናገሩ ሆነው ቀርተዋል።

ይህ ሲባል መርካቶ ሰው ሁሉ በፈቃዱ የሚኖርበት ስፍራ ነው ማለት አይደለም። መሬት ጠቦት፣ ዝናብ ቀርቶበት የመጣው ተሸካሚ የነበረው ምርጫ በረኀብና በሸክም መካከል ነው። ቢሆንም በዚሁ ጠባብ ምርጫ ውስጥ እንኳ ሰው በራሱ ፈቃድ የሚያዝበት አንድ ነገር ሲያገኝ ሥራውም ኑሮውም መልኩን ይለውጣል። ለብዙዎቹ ይህ ነገር ዕቁብ ሆነ።

የዕቁብ ሕግና የዕቁብተኛው ፈቃድ

የዕቁብ አሠራር በገጠርም የታወቀ ስለሆነ በሰፊው ማብራራት አያስፈልግም። ለምሳሌ 20 አባላት በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ 10,000 ብር ይሰበሰባል። ዕጣ የወጣለት ይወስዳል። በ20 ሳምንት ውስጥ ለሁሉም ይደርሳል። ወለድ የለበትም፤ በመያዣነት የሚጠየቅ ቤት ወይም መሬትም የለም።

ብዙ ጊዜ ልብ የማይባለው የሕጉ ጥብቅነት ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ መጥራት አለበት። ምክንያቱም ወስዶ ሊቀር ይችላል፤ ይህም አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው። የዘገየ መቀጮ ይከፍላል። ዳኛና ጸሐፊ አለ፤ መዝገብ አለ። አንድ ሰው ባሰኘው ሳምንት የሚጥልበት፣ ባላሰኘው ሳምንት የሚተውበት ዕቁብ ከአንድ ወር አያልፍም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሕግ የተሸከመ ሰው ነፃ ነው ሊባል ይችላልን? ዕቁብተኛውን ብንጠይቀው መልሱ አዎን ነው። አንደኛ፣ የገባው ወዶ ነው። የ50 ብሩን ዕቁብ ወይም የ5,000 ብሩን የመረጠው ዐቅሙን አይቶ ነው። ሁለተኛ፣ ሕጉን የወሰነው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ነው። ሦስተኛ፣ ዳኛው ከመካከላቸው የተመረጠ፣ እንደ እነሱ የሚጥልና እንደ እነሱ ዕጣ የሚጠብቅ ነው። አራተኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የደረሰውን ገንዘብ ምን እንደሚያደርግበት የሚጠይቀው የለም። ሸቀጥ ይጨምርበታል፣ ለእናቱ ቤት ቆርቆሮ ይገዛበታል፣ ልጁን ይድርበታል፤ ምርጫው የራሱ ነው።

በጉልት ሽንኩርትና በርበሬ የምትቸረችር ሴት ይህን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። በየቀኑ የምታገኘው ጥቂት ሳንቲም በቤቷ ከተቀመጠ ለዕለት ጉርስ ያልቃል ወይም ሌላ ሰው ያዝዝበታል። በዕቁብ የተጣለው ግን ተጠራቅሞ፣ በስሟ ተመዝግቦ፣ በእጇ ይገባል። ዕጣ የወጣላት ዕለት ስለ ገንዘቧ የምትወስነው ራሷ ናት። ይህ ለኪስ ብቻ ሳይሆን ለሰውነት ክብርም የሚሰጠው ነገር አለ።

ደግሞም ዕቁብተኛው ከሕጉ በላይ ሲሠራ ይታያል። ሕመም ወይም ሐዘን ለደረሰበት ጓደኛው ተራውን የሚለቅ አለ። ይህን እንዲያደርግ የሚያዝ አንቀጽ በዕቁቡ ደንብ ላይ አልተጻፈም። አባቶች «ወደው የዋጡት ቅልጥም ከብርንዶ ይጥማል» የሚሉት ይህን ነው።

የመርካቶ ብር የሠራው የገጠር መንገድ

ይህ ልማድ በከተማ ብቻ አልቀረም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ አገር ተወላጆች፣ በተለይም የመርካቶ ነጋዴዎች፣ የትውልድ አገራቸውን ከዋናው አውራ ጎዳና ጋር የሚያገናኝ መንገድ ለመሥራት ማኅበር አቋቋሙ። የጉራጌ ሕዝብ መንገድ ሥራ ድርጅት የተባለው ማኅበር በዚህ ሁኔታ የተመሠረተ ሲሆን፣ ቆይቶ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት ተብሏል። በዚያው ዘመን ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ ለማሠራትም ሌላ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት ስለዚሁ ማኅበር የተጻፈ ነው።

መንገድ ባልነበረበት ጊዜ ክረምት ሲገባ ወንዝ ሞልቶ አገሩ ይዘጋ ነበር። ለመስቀል ወይም ለአረፋ ወደ ወላጆቹ የሚሄደው ሰው መኪና ከሚያቆምበት ጀምሮ ዕቃውን ተሸክሞ በእግሩ ይጓዛል። ወላድ ብትታመም የምትወሰደው በቃሬዛ ነው። በርበሬውና ቆዳው ወደ ገበያ የሚደርሰው በአጋሰስ ጀርባ ነው። ስለዚህ ነጋዴው እንደ ትርፉ፣ ደመወዝተኛው እንደ ደመወዙ፣ በአገር ቤት ያለውም ገበሬ እንደ ዐቅሙ አዋጣ።

በእርግጥ ይሉኝታና የአገር ሽማግሌ ወቀሳ አልነበረም ማለት አይቻልም። አላዋጣም ያለ ሰው በለቅሶና በሠርግ ላይ ፊቱን ማቅናት ይከብደዋል። ነገር ግን በይሉኝታ ብቻ ለዓመታት የሚዘልቅ መዋጮ የለም። ማኅበሩን ያጸናው ሰዎቹ ጉዳዩን የራሳቸው አድርገው በመያዛቸው ነው። መንገዱ የት እንደሚያልፍ ተከራክረዋል፤ ገንዘብ ያዡን መርጠዋል፤ ግሬደሩ የደረሰበትን በዐይናቸው እያዩ ቀጣዩን መዋጮ ሰጥተዋል። በአንድ በኩል ዕቁብንና ዕድርን መምራት የለመደ ሰው ነበር፤ በሌላ በኩል መንገዱ የሚወስደው ወደ እናቱ ደጃፍ ነበር። ችሎታና ፍላጎት ሲገናኙ ሥራው ተሠራ።

በገጠር የታየው ፈተና

በገጠሩ የአገራችን ክፍል የዚህ ተቃራኒ በሰፊው ታይቷል። የገበሬ ማኅበራት ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ በ20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር ገደማ በሆነ መሬት ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች በማኅበር እንዲደራጁ አዋጁ ደነገገ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ20,000 በላይ ማኅበራት ተቋቋሙ። በብዙ ስፍራ፣ በተለይም ጭሰኛ በበዛበት በደቡብ፣ ገበሬው ማኅበሩን በደስታ ተቀበለው። ምክንያቱም መሬቱን የሚያከፋፍሉት፣ ጠቡን በፍርድ ሸንጎ የሚያዩት ከመካከሉ የመረጣቸው ሰዎች ነበሩ። ማኅበሩ የራሱ ነበር።

ቆይቶ ግን የማኅበሩ ሥራ ተለወጠ። የእህል ኮታ፣ መዋጮ፣ የውትድርና ምልመላና መንደር ምሥረታ ሁሉ በማኅበሩ በኩል የሚፈጸሙ ሆኑ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ የሚገዛውን ኮታ ያላሟላ ገበሬ፣ እህሉ ባይበቃው እንኳ፣ ከገበያ በውድ ዋጋ ገዝቶ በርካሽ ያስረክብ ነበር። ትርፍ እህል ባለባቸው እንደ ጎጃምና አርሲ ባሉ ክፍላተ አገር ነጋዴው እንደ ልቡ እንዳይገዛ ተከልክሎ ስለነበር፣ ወደ እህል በረንዳ ይመጣ የነበረው እህል በየኬላው ይያዝ ነበር። ገበሬው ምን እንደሚዘራ፣ ለማን በስንት እንደሚሸጥ የሚወስነው ሌላ ሆነ። የማኅበሩ መሪም በሁለት እሳት መካከል ቆመ፤ ከላይ ኮታውን የሚጠይቀው አለ፣ ከታች ዐይኑን የሚያየው ጎረቤቱ አለ።

በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሆነውም ተመሳሳይ ነው። በ1971 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ መሠረት መልባ በተባለው ደረጃ መሬት በጋራ ሲሆን፣ ወልባ በተባለው ደረጃ በሬውና መሣሪያውም ወደ ማኅበሩ ይገባል። ማኅበራቱ ለም መሬትና ማዳበሪያ በቅድሚያ ያገኙ ነበር፤ ግብራቸውም ዝቅ ያለ ነበር። የዐሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን እርሻ ወደዚህ ለማስገባት አስቦ ነበር። ይህ ሁሉ ድጋፍ እያለ ግን ገበሬው በአብዛኛው ከዳር ቆሞ አየ። የገባውም ቢሆን ፀሐይ ሲወጣ ፊሽካ ጠብቆ ወደ ማሳ ይወርዳል፤ ነጥቡ ከተመዘገበለት በኋላ ስለ አረሙ ግድ የለውም። ይኸው ሰው ለጓሮው ጎመን ሲሆን ግን ጨረቃ እያየ ይኮተኩታል። ስንፍና እንዳልሆነ ጓሮው ይመሰክራል።

በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያስታውቅና ገበሬው ከማኅበር መውጣት እንደሚችል ሲነገር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት ፈረሱ፤ መሬቱም በሬውም ተከፋፈለ። በመንደር ምሥረታ ተሰብስቦ የነበረውም ሰው በብዙ ስፍራ ቤቱን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቀየው ተመለሰ። ብዙ ዓመት የተደከመበት ነገር አንድ ክረምት አልተሻገረም።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም። በቻይና አገር በአንሁዊ ግዛት በሺያዎጋንግ መንደር 18 ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1978 የጋራውን መሬት በየቤተሰቡ ለመከፋፈል በምስጢር ተፈራርመው ነበር። ቢያዙ እስራት እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር። በተከታዩ ዓመት ምርታቸው እጅግ ከፍ ስላለ የቻይና መንግሥት ቆይቶ አሠራሩን ለአገሩ ሁሉ ፈቀደ። ያው መሬት፣ ያው ሰው፣ ያው ዝናብ ነበር፤ የተለወጠው ሥራው የማን ነው የሚለው ብቻ ነው።

የእርከኑ ነገር

ከሁሉ ይልቅ ለዛሬው የገበሬ ማኅበር መሪ የሚቀርበው የእርከን ታሪክ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በወሎ፣ በትግራይ፣ በሐረርጌና በሌላም ስፍራ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም እጅግ ረጅም እርከን ተሠራ፤ ተራሮች ተከልለው ዛፍ ተተከለባቸው። ለተራበ ሰው ስንዴና ዘይት ማግኘት ትልቅ ነገር ስለነበር ሥራው ብዙ ሕይወት አትርፏል። ሆኖም ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በብዙ ስፍራ እርከኑ ፈረሰ፤ የማኅበሩ ደን ተቆረጠ።

ያፈረሰው ገበሬ አፈር መታጠቡን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ችግሩን ከማንም ቀድሞ ያየው እሱ ነው። ነገር ግን እርከኑ ሲቀየስ አልተጠየቀም። እርከኑ ከጠባቡ ማሳው ላይ መሬት ይወስድበታል፤ በእርከኖቹ መካከል በሬ ለማዞር ይቸገራል፤ በካቡ ውስጥ አይጥ ይራባል። ይህን የሚናገርበት ስብሰባ አላገኘም። ደኑም የመንግሥት እንጂ የእሱ መሆኑን አላመነም። ስለዚህ ስንዴው ሲቆም ሥራው ቆመ፤ ጠባቂው ሲሄድ ምሳሩ ገባ።

ተመራማሪዎች ምን ይላሉ?

በዕቁብና በእርከን መካከል የታየውን ልዩነት ተመራማሪዎችም በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች በራሳቸው የሚወዱትን የእንቆቅልሽ ጨዋታ እንዲጫወቱ አደረገ። ለአንዳንዶቹ በየእንቆቅልሹ ገንዘብ ከፈላቸው፤ ለሌሎቹ አልከፈለም። ክፍያው ሲቆም የተከፈላቸው ተማሪዎች በትርፍ ጊዜያቸው ለጨዋታው የነበራቸው ፍላጎት ከቀድሞው ቀነሰ። ያልተከፈላቸው ግን ቀጠሉ። ለገንዘብ ብሎ መሥራት ለራስ ብሎ መሥራትን ሊያዳክመው እንደሚችል ታወቀ።

ዴሲ ከሪቻርድ ራያን ጋር ባካሄደው የብዙ ዓመት ምርምር ሰው ደኅና ሆኖ ለመኖርና በሥራው ለመጽናት ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት ገለጸ። እነሱም የሚሠራውን በፈቃዱ መሥራቱ፣ እችለዋለሁ ብሎ ማመኑ፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር መተሳሰሩ ናቸው። በፈቃድ መሥራት ማለት ለብቻ መሥራት ማለት እንዳልሆነም ያስረዳሉ። ሰው ከሌሎች ጋር ተሳስሮ፣ ሕግም አክብሮ፣ በፈቃዱ ሊሠራ ይችላል። ዕቁብተኛው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል።

ነገሩ እስከ ጤና ይደርሳል። በእንግሊዝ አገር በሎንዶን የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ማይክል ማርሞትና ጓደኞቹ ባካሄዱት የረጅም ጊዜ ጥናት፣ በሥራቸው ላይ የመወሰን ዕድል የሌላቸው ሰዎች የልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚያጠቃቸው ታይቷል። በቢሮ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ የዘራውንና የሚሸጠውን ሌላ የሚወስንለት ገበሬ ልቡ ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አያዳግትም።

በእ.ኤ.አ. 2009 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ የጋራ ውኃ፣ ደንና ግጦሽ በሚገባ የሚጠበቁት በምን ሁኔታ እንደሆነ በብዙ አገር መርምረዋል። በኔፓል ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት መስኖ፣ መንግሥት በዘመናዊ መሣሪያ ሠርቶ ከሚያስተዳድረው በአብዛኛው የተሻለ ውኃና ምርት እንደሚሰጥ አሳይተዋል። ተጠቃሚዎቹ ሕጉን በማውጣት የተካፈሉበት፣ ቅጣቱ ከትንሽ ጀምሮ እንደ ጥፋቱ ከፍ የሚልበት፣ ጠብ ሲነሣ በቅርብ የሚዳኝበት የጋራ ሀብት ይጸናል። በሰሜን ኢትዮጵያ የውኃ አባት የሚመራው የመስኖ ልማድም ከዚህ የራቀ አይደለም።

በፈቃድ የቆመ ማኅበር

ከላይ የተባለው ሁሉ በጋራ መሥራት አይረባም ለማለት አይደለም። በደቡብ ጎንደር በፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ የዚህ ማስረጃ ነው። በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ በጋራ ይሠራል፤ ወንድና ሴት ሥራ ይጋራሉ፤ አረጋውያንና ሕሙማን ይጦራሉ። በደርግ ዘመን ደኅንነታቸው አሥጊ ስለሆነ አባላቱ ተሰደው ወደ ቦንጋ ሄደው ነበር። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ መሬታቸው አብዛኛው በሌላ እጅ ገብቶ ቆያቸው። ስለዚህ ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ ዞሩ።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በመንግሥት ድጋፍ የቆሙት ማኅበራት በሚፈርሱበት ዘመን፣ ድጋፍ የሌለውና የተሰደደው ይህ ማኅበር አልፈረሰም። በጋራ መሥራቱ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ልዩነቱ የአውራ አምባ ሰዎች ወዶ ገቦች መሆናቸው ነው፤ መውጣት የፈለገ ይወጣል።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ተምሯል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 አባልነት በፈቃድ እንዲሆን ደንግጓል። ነገር ግን በወረቀት ላይ የተጻፈው ፈቃድ በስብሰባ ላይ ካልታየ ዋጋ የለውም። ይህን የሚያሳየው ደግሞ መሪው ነው።

መሪው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ሥራ ሲያቀርብ ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ይንገር። «ከወረዳ የመጣ ነው» ማለት ምክንያት አይደለም። ጎርፉ የማንን ማሳ እንደወሰደ፣ ምንጩ ለምን እንደደረቀ በቦታው ተገኝቶ ማሳየት ግን ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ ምርጫ ይተው። ሥራው የግድ ቢሆን እንኳ የቱ ተዳፋት ይቅደም፣ በየትኛው ቀን ይሠራ፣ በድንጋይ ይካብ ወይስ በአፈር፣ በእርከኑ ጠርዝ ሣር ይተከል ወይስ ጌሾ፣ ሣሩን ማን ይጨደው የሚሉትን አባላቱ ይወስኑ። ሣሩን እንደሚያጭድ ያወቀ ገበሬ እርከኑን ያለ ጠባቂ ይጠግነዋል።

ሦስተኛ፣ እምቢ ያለውን ሰው አስቀድሞ አይቅጣው፤ ይጠይቀው። ስለ በሬ መዞሪያው፣ ስለ አይጡ፣ ስለ ማሳው ጥበት የሚናገረው ሰው ሥራውን ከመፍረስ የሚያድን ዕውቀት አለው። በስብሰባ ላይ የተነገረ ተቃውሞ በሌሊት ከሚፈርስ ካብ ይሻላል።

አራተኛ፣ አባሉ እችለዋለሁ እንዲል በትንሹ ይጀመር። አዲስ ዘር ወይም አዲስ አሠራር ሲመጣ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ገበሬዎች በማሳቸው ጥግ ይሞክሩት። ጎረቤት በዐይኑ ያየውን ያለ ሰባኪ ይከተላል።

አምስተኛ፣ መቀጮ ካስፈለገ አባላቱ ራሳቸው ይወስኑት፤ መሪውም ከመቀጮው ነፃ አይሁን። የዕቁብ ዳኛ የሚከበረው ሲዘገይ እሱም ስለሚቀጣ ነው።

ስድስተኛ፣ ሂሳብ በየጊዜው በጉባኤ ፊት ይነበብ። የት እንደደረሰ ያላወቀውን ገንዘብ ሁለተኛ በፈቃዱ የሚያዋጣ ሰው የለም።

ክፍያን በሚመለከት ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ለተራበ ሰው ለድካሙ እህል መስጠት ተገቢ ነው። ነገር ግን ገበሬው ለራሱ ማሳ የሚሠራውን ሥራ በስንዴ ብቻ እንዲያስበው ማድረግ ሥራውን ከእጁ እንደመንጠቅ ይቆጠራል። ስንዴው የሚቆምበት ቀን እንደሚመጣ አስቀድሞ መንገር፣ ከዚያ በኋላም የሚቀረው ጥቅም የማን እንደሆነ በግልጽ መወሰን ያሻል።

ይህ አካሄድ ጊዜ ይወስዳል። በአንድ ቀን ትእዛዝ ሊሰጥበት የሚችለው ሥራ ሦስትና አራት ስብሰባ ይፈልጋል። ከበላይ በኩል «ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ?» ተብሎ በሚጠየቅበት ጊዜ መሪው ቁጥሩ ያንስበታል፤ ምናልባትም ይወቀሳል። ሆኖም በሦስተኛው ክረምት የሚቆጠረው የተሠራው ሳይሆን የቆመው ነው።

በመርካቶ የዕቁብ ዳኛ ታሞ ቢቀር ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ይመጣል፤ ዕቁቡ በሰዓቱ ይጣላል፤ ዕጣውም ይወጣል። የገበሬ ማኅበር መሪም ሥራውን በዚሁ ሊመዝነው ይችላል። ለሳምንት ከቀበሌው ርቆ ሲመለስ ጎርፍ የሸረሸረው እርከን ተጠግኖ ካገኘው፣ ሥራው በሕዝቡ እጅ ገብቷል። ሁሉም የእሱን መመለስ ሲጠብቅ ከቆየው ግን ሥራው ገና የእሱ ብቻ ነውና አባላቱን ጠርቶ እንደገና ይጠይቃቸው።